«ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ እና ከእርሷ በፊት የመጡት

የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ካሰማራቸው መርከቦች ሁሉ ትልቋ ስሟ «ኢትዮጵያ» ነበር። የጎን ቁጥሯ ኤ-01፣ ርዝመቷ 95 ሜትር፣ ሙሉ ጭነቷን ስትይዝ ክብደቷ ከ2,500 ቶን በላይ፣ ፍጥነቷ 18 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 33 ኪሎ ሜትር ገደማ። ምጽዋ ላይ ንጉሠ ነገሥት ተቀብላለች፤ ዕጩ መኮንኖችን አስተምራለች፤ ሁለት መንግሥት አገልግላለች። መጨረሻዋ ግን የመን ውስጥ ለቁርጥራጭ ብረት መሸጥ ሆነ። ሕይወቷም ከእኛ ጋር አልጀመረም። ወደ እኛ ስትመጣ ሃያኛ ዓመቷን ልትይዝ ምንም ያልቀራት፣ ሌላ ስም የነበራት፣ ሌላ ጦርነት ያየች አሜሪካዊት ነበረች።

ስለ ባሕር መርከብ ጉዱማሌ ላይ ምን ያስወራናል የምትሉ አትጠፉም። ልክ ናችሁ፤ የምንገናኘው ፍቼ ጫምባላላ በሚከበርበት ሜዳ ነው እንጂ ወደብ ላይ አይደለም። ግን አንድ ሒሳብ ላሳያችሁ። የሐዋሳ ሐይቅ ጥልቅ በሆነበት ቦታ ሃያ ሜትር ገደማ ይሆናል። «ኢትዮጵያ» ለመንሳፈፍ የምትፈልገው ከአራት ሜትር ትንሽ ከፍ ያለ ውኃ ብቻ ነበር። ስለዚህ አሞራ ገደል ፊት ለፊት ብናስቀምጣት ዓሣ አስጋሪዎቹ ይቆጡ ይሆናል እንጂ በደንብ ትንሳፈፋለች። ጥያቄው ሌላ ነው፤ ከዚያ የት ትሄዳለች? ሐይቃችን መውጫ የለውም። የመርከቧ ታሪክ ሲጠቀለል የዚህ ጥያቄ ታሪክ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። መርከብ ኑሮዋ ባሕር ላይ ይሁን እንጂ ዕጣዋ የሚቆረጠው መሬት ላይ ነው፤ ወደቡ የማን ነው በሚለው ላይ። «ኢትዮጵያ»ን ያመጣት የወደብ ጉዳይ ነው፤ ያጠፋትም እርሱ ነው።

ይህ እንዲገባን ከእርሷ በፊት ወደ ደጃችን የመጡ ሌሎች የአሜሪካ መርከቦችን ማየት አለብን። (አሜሪካ ውስጥና ባሕር ላይ ለሆነው ነገር የእነርሱን አቆጣጠር፣ እኛ ጋ ለሆነው የራሳችንን እጠቀማለሁ፤ አንባቢ እንዳይደናገር «እ.ኤ.አ.» የሚለውን አስተውሉ።)

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ የእንጨት መርከቦቿን ትታ የብረት መርከብ መሥራት ጀመረች። ከእነዚህ ውስጥ ዋና ቦታ የያዙት ክሩዘሮቹ ነበሩ። ክሩዘር ማለት ከአገሩ ርቆ ረጅም መንገድ የሚሄድ፣ የንግድ መርከቦችን የሚጠብቅ፣ ባዕድ ወደብ ላይ ደግሞ ባንዲራ የሚያሳይ የጦር መርከብ ነው። ዛሬ ኤምባሲ የሚሠራውን ግማሽ ሥራ በዚያን ጊዜ ክሩዘር ይሠራ ነበር ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1890 አገልግሎት የጀመረችው ሳን ፍራንሲስኮና በ1896 የተከተለቻት ብሩክሊን የዚህ ዘመን ልጆች ናቸው። ብሩክሊን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1898 ኩባ ውስጥ በሳንቲያጎ ጦርነት የኮሞዶር ሽሌይ መርከብ ሆና ከስፔን መርከቦች ጋር ተታኩሳለች። እ.ኤ.አ. በ1903 መጸው ሁለቱም ቤይሩት ፊት ለፊት መልሕቃቸውን ጥለው ነበር። ለኦቶማን መንግሥት ጡንቻ ለማሳየት ነው የመጡት፤ ከእኛ ጋር ምንም ጉዳይ አልነበራቸውም።

ጉዳይ የነበረው ማርሴይ ከተማ ለሚገኘው የአሜሪካ ቆንስል ጄኔራል ለሮበርት ስኪነር ነው። ስኪነር የነጋዴ ዓይን ያለው ሰው ነበር። ከአሜሪካ የሚመጣው ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ፣ እናቶቻችን «አቡጀዲ» የሚሉት፣ በሐረርና በሸዋ ገበያ በደንብ እንደሚሸጥ ያውቃል። ሻጩና ገዢው ግን በመካከላቸው ውል የላቸውም፤ ጨርቁ የሚያልፈው በሌሎች ነጋዴዎች እጅ ነው። ስለዚህ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል እንዋዋል ብሎ መንግሥቱን ወተወተ። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልትም ፈቀዱለት። አድዋ ከሆነ ሰባት ዓመት አልፎ ነበር፤ ዓለም ሁሉ ወደ አዲስ አበባ መልእክተኛ የሚልክበት ጊዜ ነው።

አጃቢዎቹ፣ በካፒቴን ጆርጅ ቶርፕ የሚመሩት ማሪኖችና ጥቂት መርከበኞች፣ ከዚሁ የአሜሪካ የባሕር ጓድ ተውጣጡ። ጂቡቲ ያደረሰቻቸው ግን ክሩዘር ሳትሆን ከክሩዘሮቹ ጋር የምትሠራ ማቻያስ የምትባል አነስተኛ የጦር መርከብ ናት። ማቻያስ በሜይን ግዛት በባዝ የመርከብ መሥሪያ ተሠርታ እ.ኤ.አ. በ1893 አገልግሎት ጀመረች። የቻይናንና የጃፓንን ጦርነት ከዳር ሆና አይታለች፤ በኩባው ጦርነትም ካርዴናስ ወደብ ላይ መድፍ ተኩሳለች። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1903 ሰዎቹን ጂቡቲ አራግፋ ሥራዋን ጨረሰች። በኢትዮጵያና በአሜሪካ ግንኙነት ታሪክ ውስጥ ያላት ቦታ ይኸው ነው፤ አንድ ጉዞ። ግን የመጀመሪያው ጉዞ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያለው የየብስ መንገድ ነው። ባቡሩ ድሬዳዋ ከደረሰ ገና ዓመት መሆኑ ነበር። እስከ ድሬዳዋ በባቡር፣ ከድሬዳዋ ወዲህ በበቅሎና በግመል። የባሕር ወታደር ግመል መጫን የት ያውቃል! እንደምንም ግን በታኅሣሥ ወር አዲስ አበባ ገቡ፤ ምኒልክም ሠራዊታቸውን አሰልፈው በክብር ተቀበሏቸው። ውሉ ታኅሣሥ 17 ቀን 1896 ዓ.ም. ተፈረመ። ንጉሠ ነገሥቱ ለሩዝቬልት ሁለት አንበሶችና የዝሆን ጥርስ ላኩ።

የውሉ የመመለሻ ጉዞ ለብቻው ልብ ወለድ ይወጣዋል። አሜሪካ ያጸደቀችውን ቅጂ ይዞ ወደ አዲስ አበባ ሊመጣ የተነሣው ኬንት ሉሚስ የሚባል ሰው ነው፤ የውጭ ጉዳይ ረዳት ሚኒስትሩ ወንድም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1904 «ካይዘር ዊልሄልም ሁለተኛ» በተባለችው የመንገደኞች መርከብ ላይ ሳለ፣ እንግሊዝ አገር ሊደርሱ ሲሉ፣ ድንገት ጠፋ። ከሳምንታት በኋላ አስከሬኑ ባሕሩ ዳር ተገኘ። ወረቀቱን አብሮት ይጓዝ የነበረው ጥቁር አሜሪካዊ ነጋዴ ዊልያም ኤሊስ ይዞ መጥቶ ለምኒልክ አስረከበ። ባሕር የሌለው አገር ውል እንኳን ሲዋዋል ባሕሩ አንድ ሰው በላ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ካርታውን እንይ። አሰብ የጣሊያን፣ ምጽዋ የጣሊያን፣ ኦቦክና ጂቡቲ የፈረንሳይ፣ ዘይላ የእንግሊዝ። ጣሊያንን አድዋ ላይ ድል ያደረገ ንጉሥ የአሜሪካን እንግዳ የሚያስተናግደው ፈረንሳይ ወደቧን ስትከፍትለት ነበር። ማቻያስ ቀይ ባሕር ላይ ሽቅብ ቁልቁል ብትል የኢትዮጵያ ባንዲራ የሚውለበለብበት አንድም መቆሚያ ድንጋይ አታገኝም። የማቻያስም መጨረሻ ይነገር፤ እ.ኤ.አ. በ1920 ለሜክሲኮ ተሸጠች፣ ስሟም «አጓ ፕሪዬታ» ተባለ። አሮጌ መርከብ ለሌላ አገር ሰጥቶ አዲስ ስም ማውጣት የቆየ ልማድ መሆኑን ልብ በሉልኝ፤ ወደ በኋላ ይመለስብናል።

ሁለተኛዋ መርከብ እውነተኛ ክሩዘር ናት፤ ኩዊንሲ። የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም. ግብፅ ውስጥ በታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ ቆማ ነበር። ፍራንክሊን ሩዝቬልት፣ የቀድሞው ሩዝቬልት የሩቅ ዘመድ፣ ከያልታ ስብሰባ እየተመለሱ ሦስት ነገሥታትን አንድ በአንድ እዚያች መርከብ ላይ አነጋገሩ። የግብፁ ፋሩቅና አጼ ኃይለ ሥላሴ በአንድ ቀን፣ የሳዑዲው ኢብን ሳዑድ በማግስቱ። ጃንሆይ ከአዲስ አበባ የተነሡት በአሜሪካ አውሮፕላን ነው፤ ያኔ በአገራችን ላይ ትልቅ ጫና የነበራቸው እንግሊዞች ነገሩን በጊዜ ባለመስማታቸው ደስ አላላቸውም። ቸርችልም ኋላ ጃንሆይን ካይሮ ላይ አግኝተው አነጋግረዋል።

ጃንሆይ ካነሷቸው ጉዳዮች ውስጥ የባቡሩ፣ የኤርትራና የባሕር በር ጉዳይ ይገኙበታል። እንግዲህ አስቡት፤ ባሕር በር ያጣ አገር መሪ ስለ ባሕር በር የሚለምነው የሰው መርከብ ላይ ሆኖ፣ በሰው አገር ሐይቅ ላይ ነው። ሩዝቬልት ሁለት ወር ሳይሞላቸው ሞቱ፤ ንግግሩ ግን አልሞተም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1950 ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እንድትኖር ሲወስን፣ ከጠቀሳቸው ምክንያቶች አንዱ የኢትዮጵያ የባሕር በር ፍላጎት ነው። አሜሪካም ውሳኔውን ደግፋለች። በነጻ አልነበረም፤ አስመራ ላይ ጣሊያኖች ትተውት የሄዱትን የባሕር ኃይል ሬዲዮ ጣቢያ ትፈልገው ነበር። እኛ «ቃኘው» የምንለው ጣቢያ ያ ነው።

በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው ቃኘው ሻለቃ ከአዲስ አበባ በባቡር ጂቡቲ ወርዶ በአሜሪካ የጦር መርከብ ነው የተጫነው። ዓለም አቀፍ ግዴታ ልንወጣ ስንሄድ እንኳን በሰው ወደብ፣ በሰው መርከብ። በመስከረም 1945 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ሲጸና ግን ምጽዋና አሰብ ወደ ኢትዮጵያ ዘውድ ጥላ ገቡ። ከዚያ በኋላ «ባሕር ኃይል» የሚለው ቃል ትርጉም አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1955 ባሕር ኃይሉ ተቋቋመ፤ የኖርዌይ መኮንኖች መጥተው አሠለጠኑ፤ የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ እስክንድር ደስታ ከዋናዎቹ መሪዎች አንዱ ሆኑ። ወደብ አለ፣ ሰው አለ፤ የጠፋው መርከብ ነው። የነበሩት ለጥበቃ የሚሆኑ ትናንሽ ጀልባዎች ናቸው።

አሁን ወደ ባለታሪኳ እንምጣ።

የመጀመሪያ ስሟ «ኦርካ» ነበር። ኦርካ ጥቁርና ነጭ መልክ ያለው፣ በቡድን የሚያድን ትልቅ የባሕር እንስሳ ነው። የተሠራችው በዋሽንግተን ግዛት ሁተን በምትባል ቦታ፣ ከሲያትል ማዶ በሐይቅ ዳር ባለ የመርከብ መሥሪያ ነው። አዎ፣ በሐይቅ ዳር፤ ያ ሐይቅ ግን ወደ ባሕር የሚያወጣ የተቆፈረ መስመር አለው። ሥራዋ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1942 ተጀምሮ በጥቅምት ወር ውኃ ላይ ዋለች፤ አገልግሎት የጀመረችው በጥር 1944 ነው። ከባርኔጋት ዓይነት መርከቦች አንዷ ነበረች።

የእነዚህ መርከቦች ሥራ የተለየ ነው። በዚያ ጦርነት ጊዜ ካታሊና የሚባሉ፣ ውኃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖች ነበሩ። ጠላት መርከብ ይፈልጋሉ፣ ባሕር ላይ የወደቀ ሰው ያነሣሉ። ማረፊያ ሜዳ አይፈልጉም፤ ነዳጅ፣ ጥይት፣ ጥገናና የአብራሪ መኝታ ግን ይፈልጋሉ። እንደ ኦርካ ያለች መርከብ አንድ ደሴት ጥግ መልሕቋን ትጥልና የአውሮፕላን ማረፊያ ትሆናለች። ጋራዥ፣ ነዳጅ ማደያና ሆቴል በአንድ ላይ በሉት። ትንንሽና ጥልቀት የሌላቸው ወሽመጦች ውስጥ እንድትገባ ተብሎ ሆዷ ብዙ ወደ ውኃ አይወርድም። ይህ ለፓሲፊክ ደሴቶች የተሰላ ነገር ኋላ ለቀይ ባሕር፣ ኮራል ለሞላባቸው ለምጽዋና ለዳህላክ አካባቢ ውኃዎች ጥሩ ሆኖ ተገኘ። ሌላም ነገር አለ። ከመርከበኞቿ ሌላ ለአብራሪዎችና ለመካኒኮች የተዘጋጀ መኝታና ወርክሾፕ ነበራት፤ አውሮፕላኖቹን ስታነሡት የቀረው ቦታ ለዕጩ መኮንኖች መኝታና መማሪያ ይሆናል። ለእኛ እርሷ የተመረጠችው በአጋጣሚ አይመስለኝም።

ኦርካ በፊሊፒንስ ሌይቴና ሊንጋየን ላይ አገልግላ የካሚካዜ ጥቃት ደርሶባት ተርፋለች፤ ለዚያ ጦርነት ሦስት የዘመቻ ኮከብ ተሰጥቷታል። እ.ኤ.አ. በ1946 አሜሪካ ቢኪኒ ላይ አቶሚክ ቦምብ ስትሞክር ከደጋፊ መርከቦቹ አንዷ ነበረች። በ1947 አሳርፈዋት፣ የኮሪያ ጦርነት ሲመጣ በታኅሣሥ 1951 መልሰው አስነሷት፤ ቃኘው ሻለቃ በኮሪያ ኮረብታዎች ላይ በነበረበት ዘመን ማለት ነው። በ1960 እንደገና ጡረታ ወጣች። በጥር 1954 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተሰጠች። የማቻያስን ነገር አስታውሱ፤ አሮጌ መርከብ፣ ሌላ አገር፣ አዲስ ስም።

አዲሱ ስም ቀላል ስም አይደለም። አንዲትን መርከብ በአገር ስም መጥራት ያለንን ሁሉ እርሷ ላይ ጫንን እንደማለት ነው። ለነገሩ ያለን ትልቅ መርከብ እርሷ ብቻ ነበረች። 127 ሚሊ ሜትር መድፍ ነበራት፤ ይህ በአካባቢው ባሕር የሚናቅ አልነበረም። ዋናው ሥራዋ ግን ማስተማር ነበር። ዕጩ መኮንኖች አስመራና ምጽዋ ላይ በሰሌዳ የተማሩትን ኮከብ ማንበብ፣ አቅጣጫ ማስላት፣ ሞተር መጠበቅ እርሷ ላይ ሆነው በእጃቸው ይሠሩታል። ለደገኛ ልጅ፣ ትልቁ ውኃ ጣና ወይም አዋሳ ለሆነበት ልጅ፣ ሌሊት ተነሥቶ መሬት በማይታይበት ውኃ ላይ ተረኛ መሆን ምን ማለት እንደሆነ ለመገመት ሞክሩ። የባሕር ኃይሉ ቀን በየዓመቱ ምጽዋ ላይ ሲከበር የአሜሪካም፣ የሶቪየትም፣ የእንግሊዝም፣ የፈረንሳይም የጦር መርከቦች በእንግድነት ይመጡ ነበር። ቀዝቃዛው ጦርነት በጋለበት ዘመን ሁለቱን ተፋላሚዎች በአንድ ወደብ እንግዳ አድርጎ ማስተናገድ ቀላል ዲፕሎማሲ አይደለም። በዚያ ሁሉ መሐል አስተናጋጇ «ኢትዮጵያ» ናት።

ደስታውን የሚያደበዝዝ አንድ ነገር ግን አለ፤ ታሪክ ጸሐፊ ሊዘለው አይገባም። መርከቧ ጥር 1954 ላይ ስሟን ተቀበለች። በዓመቱ ውስጥ፣ ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ፈረሰ፤ ኤርትራ እንደማንኛውም ጠቅላይ ግዛት ሆነች። ያኔ የትጥቅ ትግሉ ተጀምሯል። ለባሕር ኃይሉ ያ ቀን የወደቡ ባለቤትነት ያለቀለት የጸና ይመስል ነበር። በእኔ አስተያየት ግን ወደቡ መጥፋት የጀመረው ያን ዕለት ነው። ፌዴሬሽኑ ቢጠበቅ ኖሮ ምን ይሆን ነበር የሚለውን ማንም ሊያረጋግጠው አይችልም። የሆነው ግን ይታወቃል፤ ሠላሳ ዓመት ጦርነት። ከመርከቦቹ ሠራተኞች መካከል የኤርትራ ልጆች ነበሩ፤ የእነርሱን ልብ መገመት ይከብዳል። በአንድ መርከብ፣ አንድ ማዕድ እየቆረሱ፣ ቤታቸው ግን በሁለት ወገን።

አብዮቱ ሲመጣ ባሕር ኃይሉ ከመጀመሪያዎቹ ተጎጂዎች አንዱ ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ከተገደሉት ስድሳዎቹ ውስጥ እስክንድር ደስታ አሉበት። በ1969 ዓ.ም. ደርግ ከአሜሪካ ጋር ተጣልቶ ቃኘው ጣቢያን ዘጋ፤ ሶቪየቶች መጡ። የሚሳይል ጀልባ፣ ወታደር ማራገፊያ መርከብ፣ ኋላም ሁለት ፍሪጌቶች ሰጡ፤ ዳህላክ ላይም ለራሳቸው ጣቢያ አበጁ። መኮንኖች ወደ ሌኒንግራድና ወደ ባኩ ለትምህርት ሄዱ። በዚህ ሁሉ ሩሲያ ሠራሽ መሐል አንዲት አሜሪካዊት ቀረች፤ መለዋወጫዋን የሚልክ አገር ወዳጅነቱን አቋርጧል፣ ያሠለጠኗት ሰዎች ግማሾቹ የሉም። እንዲያም ሆኖ እስከ 1983 ዓ.ም. ቆየች። የእኛን ግብርና ኮሌጅ የመጀመሪያ ዘመን ተማሪዎች አስታውሱ፤ እ.ኤ.አ. በ1976 ኮሌጁ ሲጀመር «ኢትዮጵያ» ከመጣች 14 ዓመቷ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ለመሆን በምንዘጋጅበት ዘመን ደግሞ እርሷ አልነበረችም። የአሜሪካ ናፍጣ ሞተር በኢትዮጵያ መካኒክ እጅ ያን ያህል ዓመት መቆየቱ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነው፤ ማንም አልጻፈውም እንጂ። እኛ አገር የጄኔራሎች ታሪክ ይጻፋል፤ የሞተር ክፍል ታሪክ ግን አይጻፍም።

የካቲት 1982 ዓ.ም. ላይ ሻዕቢያ ምጽዋን ያዘ። ከወር መጀመሪያ እስከ የካቲት 3 ባሉት ቀናት፣ በምድር በታንክ፣ በባሕር በፈጣን ጀልባ ሆኖ። የባሕር ኃይሉ ዋና ቤት ጠፋ። የተረፈው አሰብን ይዞ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ቆየ። ግንቦት 1983 ላይ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥለው ወጡ፤ አዲስ አበባ በቀናት ውስጥ ወደቀች፤ አሰብም እንዲሁ። መርከቦቹ ግን ውኃ ላይ ናቸው።

እስቲ አንድ አፍታ ያን ምሽት አስቡት። መርከቡ ደህና ነው፤ ሞተሩ ይሠራል፤ ሰውም አለ። መድፉ እንኳን ቦታው ነው። የጠፋው የሚመለሱበት መሬት ነው። ምድር ጦር ሲሸነፍ ተበትኖ በእግሩ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ሱዳን ድንበር ያለው ወታደር እንኳን ዞሮ ዞሮ የሚረግጠው አፈር ያገኛል። መርከብ ግን የትም መበተን አትችልም። ወይ አንድ ወደብ ይቀበላታል፣ ወይ ነዳጇ አልቆ ባሕር ላይ ትቀራለች። «ኢትዮጵያ»ና ሌሎቹ ወደ የመን ተሻገሩ። ቀይ ባሕር በዚያ በኩል ጠባብ ነው፤ ርቀቱ ትንሽ፣ ትርጉሙ ግን ከፓሲፊክ የሰፋ። መርከበኞቹ ስደተኞች ሆኑ፤ ስማቸው «የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል»፣ አድራሻቸው የሰው ወደብ።

«ኢትዮጵያ» እዚያው የመን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ኤርትራ በሕዝበ ውሳኔ ነጻ አገር የሆነችውም በዚያው ዓመት ነው። ከየመን የተባረሩት ሌሎች መርከቦች ጂቡቲ ገቡ፤ ጂቡቲ የወደብ ዕዳዋን ስትጠይቅ ቆይታ እ.ኤ.አ. በ1996 ለጨረታ አወጣቻቸው። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል የመጨረሻ ንብረት የተሸጠው፣ ማቻያስ የአሜሪካን መልእክተኞች ባራገፈችበት በዚያው ወደብ መሆኑ ይገርመኛል። ይህን ማንም አላቀደውም። ካርታው ግን ወደ ነበረበት ተመልሷል።

የንግድ መርከቦቻችን ታሪክ ከዚህ የተለየ ነው። የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ድርጅት ያለ ወደብም ቀጥሏል፤ ዛሬም ይሠራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ነጋዴ በሰው ወደብ ኪራይ ከፍሎ ይሠራል፤ ቤት ተከራይቶ ሱቅ መክፈት ይቻላል። የጦር መርከብ ግን በኪራይ ቤት አትኖርም፤ አከራዩ በፈለገበት ቀን ቁልፉን ሊቀይር ይችላል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ባሕር ኃይሉን እንደገና ለማቋቋም ሥራ ተጀምሯል፤ የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር አዲስ አበባ ሲመጡም ይህን የሚጨምር የመከላከያ ስምምነት ተፈርሟል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም የመርከብ መሐንዲሶችንና መኮንኖችን ያሠለጥናል፤ ልጆቹ በዓለም መርከቦች ላይ እየሠሩ ነው። ሰው የማፍራቱ ነገር ድሮም አላቃተንም። ስለ ባሕር በር የሚደረገውን የዛሬ ክርክር በተመለከተ እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁ አቋም ይኖራችኋል፤ ሻይ ላይ እንነጋገርበታለን። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ስለ መርከብ ዋጋና ስለ መድፍ ርዝመት ከማውራታችን በፊት ስለ ወደቡ ስምምነትና ስለ ጎረቤት እንነጋገር፤ «ኢትዮጵያ» መድፍ አጥታ አልጠፋችምና።

ሌላው ጉዳይ የራሳችን የቤት ሥራ ነው። ከመርከቧ ላይ ያገለገሉ ሰዎች ዛሬ ትንሹ እንኳን ከሃምሳ ዓመት በላይ ናቸው። ብዙዎቹ ከባሕር ኃይሉ በኋላ አስተማሪ፣ መካኒክ፣ የጀልባ ነጂ፣ ነጋዴ ሆነው በየከተማው አሉ፤ የአንዳንዶቹ ልጆች ከዚህ ዩኒቨርሲቲ እንደተመረቁ አልጠራጠርም። ነጭ የደንብ ልብስ ለብሶ መርከብ ላይ የቆመ አባት ወይም አጎት ፎቶግራፍ አልበማችሁ ውስጥ ካለ፣ የሥልጠና ደብተር፣ የምጽዋ ደብዳቤ ካለ፣ ወደ ጉዱማሌ ስትመጡ ይዛችሁ ኑ። ፎቶውን እዚያው ገልብጠን እንመልስላችኋለን። ከኋላው ስምና ዓመተ ምሕረት ከሌለው፣ ሰውየው በሕይወት ካሉ፣ ከመነሣታችሁ በፊት ጠይቃችሁ በእርሳስ ጻፉበት።